በአንድ ወረቀት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔት ማውጣት ይቻላል

ማተሚያ ቤት አያስፈልግም። ኤ4 ወረቀት፣ ጥቁር እስክሪብቶ፣ መቀስ፣ በቃ። የእንዲህ ዓይነት መጽሔት ጀማሪዎቹም ብዙ አልነበራቸውም። ጄሪ ሲገል እ.ኤ.አ. በ1932 ክሊቭላንድ ውስጥ ገና የሃይስኩል ተማሪ እያለ የራሱን መጽሔት ያባዛው በስቴንስል ነው፤ ያው እኛም ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሲባዛበት የነበረው፣ እጅ የሚያጠቁረው ማሽን ማለት ነው። አምስት እትም አውጥቶ አቆመ። ግን በሦስተኛው ላይ ጓደኛው ጆ ሹስተር ሥዕል የሠራለት አንድ ታሪክ አለ፣ ክፉው ሰውዬ ሱፐርማን ይባላል። ያንን ስም በኋላ ለጀግና ሰጡት።

ወደ ሥራው። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አጋምሳችሁ እጠፉና ዘርጉት፣ ስምንት ሣጥን ይወጣዋል። አሁን አጫጭር ጠርዞቹን አገጣጥማችሁ አንዴ እጠፉና ከታጠፈበት በኩል በመሃለኛው መስመር እስከ ግማሽ ቁረጡ። ዘርግታችሁ በቁመቱ እጠፉትና ሁለቱን ጫፍ ወደ መሃል ስትገፉ ቁራጩ ይከፈታል፣ ከዚያ እንደ መጽሐፍ ይተኛል። ይሄ ናሙናችሁ ነው። በእርሳስ ገጽ ቁጥር ስጡት፣ ምክንያቱም ሲዘረጋ ግማሹ ገጽ የተዘቀዘቀ ነው። ዋናውን በሌላ ወረቀት ላይ ናሙናውን እያያችሁ ጻፉ፣ ኮፒ የሚደረገው እሱ ስለሆነ እንዳትቆርጡት።

ዳር ዳሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ። እኔ ፒያሳ ወስጄ 30 ኮፒ ካስባዛሁ በኋላ ነው የታሪኩ የመጨረሻ መስመር እንደተበላ ያየሁት። ጥፋቱ የኔው ነው።

ምን ይጻፍ? መንኮራኩር ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ቢያርፍ በዚያ ጉም ማን ያየዋል? ከዚህ ጀምሩ።

የመጨረሻውን ገጽ ግን ለአንባቢ ደብዳቤ ተዉት፣ እኔ በዚህ አልደራደርም። ሁጎ ገርንስባክ እ.ኤ.አ. በ1926 የጀመረው አሜዚንግ ስቶሪስ የሚባል የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔት የደብዳቤ ጸሐፊዎችን አድራሻ ያትም ነበር፤ አንባቢዎች በዚያ ተፈላልገው መጻጻፍ ጀመሩ፣ በ1930 ቺካጎ ላይ የወጣችው ኮሜት የምትባል የአድናቂዎች መጽሔትም የመጣችው ከእንዲህ ዓይነት የመጻጻፊያ ክበብ ነው። እናንተ የቤት አድራሻ አታውጡ፣ የቴሌግራም ስም ይበቃል።

ለመሸጥ አትቸኩሉ። ያኔም ብዙዎቹ የራሳቸውን እትም በሌላው እትም ይቀያየሩ ነበር። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛችሁም አንድ ያውጣ፣ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ አሥር በአሥር ተለዋወጡ።