ከጎንደር ለመጣችሁ፦ ጠባቧን ክፍል እንዴት እንደምትኖሩባት

ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከአዘዞ ተነስታችሁ አሁን ባህር ማዶ አንዲት ክፍል ውስጥ ከሻንጣችሁ ጋር የተፋጠጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና ገባችሁ! መጀመሪያ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ሶፋ አትግዙ። በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። እንዲያውም በነፃ ሲሆን ነው ይበልጥ የሚያሳስት። ሶፋና ቡፌ የሞላው ሳሎን የለመደ ዓይን ባዶ ወለል ሲያይ ይጨንቀዋል። ግን ትንሽ ታገሱ።

ይልቅ የአያቶቻችንን ቤት አስቡ። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። ዕቃው ቆጥ ላይ ይወጣል። እናንተም ከሥሩ መሳቢያ ያለው ባለ 90 ሳንቲ ሜትር አልጋ ፈልጉና ግድግዳ ዳር አስጠጉት። ቀን ቀን ጋቢ አልብሳችሁ ትራስ ደርድሩበት፤ መደብ ሆነ ማለት ነው። የቁም ሳጥኑ አናት ደግሞ ቆጣችሁ ነው። ባዶ ሻንጣና ብርድ ልብስ እዚያ ይውጣ። ከባድ ነገር ግን አትስቀሉበት፣ ራሳችሁ ላይ እንዳይወርድ።

ተከራይ ከሆናችሁ፣ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ያስያዛችሁት ገንዘብ በሚስማር ቀዳዳ እንዳይቆረጥ። አልጋውንም ከውጭው ግድግዳ ጥቂት ጣት ፈቀቅ አድርጉት። በብርድ ወራት የቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል፤ አየር ካላገኘ ይሻግታል።

ዋናው ጭቅጭቅ ምጣድ ላይ ነው። ቤተሰብ «እንላክላችሁ» ካለ፣ በትህትና እምቢ በሉ። የአገር ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የተሠራውም ለ220 ቮልት ነው። አሜሪካና ካናዳ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ አያግልላችሁም። አውሮፓ ቮልቴጁ ቢስማማም፣ ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ መብራት ሊያጠፋባችሁ፣ ሶኬቱንም ሊያቃጥል ይችላል። እዚያው የምትኖሩበት አገር የምትሸጠዋ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ምጣድ ትበቃለች። ስትበርድ በጎኗ ቆማ ፍሪጅ አጠገብ ትሸጎጣለች።

ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የተገዛ ሸክላ ይከብዳል፣ ይሰበራልም፤ አንድ ጀበና ይበቃል። መሶብ ግን ይምጣ። ገበታም ዕቃ ማስቀመጫም ነው፤ ሲኒው፣ ማቶቱ፣ ዕጣኑ ሁሉ በሆዱ ይገባል።

ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ። የምድጃውን ጭስ መሳቢያ አብሩ። በጠባብ ቤት የጭስ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጮሃል። አንዳንዱ በላስቲክ ይሸፍነዋል፤ እናንተ እንዳትሞክሩት፣ እሳት ቢነሳ የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ነው። እፍኝ እፍኝ ብቻ ቁሉ። ዕጣኑንም ጭሱ ከወጣ በኋላ፣ መስኮቱ ሥር አጭሱት።