አንድ ተራራ ወይም ሸለቆ እንዴት እንደተፈጠረ ከካርታ ላይ ማንበብ

ሁለት ካርታ ያዘጋጁ፦ አንዱ የውቅያኖስን ወለል ጭምር የሚያሳይ፣ ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰባቸውን ቦታዎች በነጥብ የሚያመለክት። አንድ ፎጣም ቅርብ ይሁን፤ ሥራ አለው።

1. ከነጥቦቹ ይጀምሩ

ብዙ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ ተራራው ላይ ይጥላል። ተራራ ግን ያሳስታል፤ ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ሰንሰለቶች አፈጣጠራቸው ፈጽሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ነጥቦቹን ካዩ አብዛኞቹ እንደ ስፌት መስመር ይዘው ሲሄዱ ያገኟቸዋል። መስመሮቹ የፕሌቶች ድንበር ናቸው። ፕሌት ማለት የምድር ጠንካራ የላይኛው ንጣፍ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች አንዱ ነው፤ ከሥሩ ባለው የጋለና የለዘበ አለት ላይ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት፣ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ይጓዛል።

2. ድንበሩ ላይ መሬቱ እየተከፈተ እንደሆነ ይዩ

መስመሩ የሚያልፈው በውቅያኖስ መሃል ከሆነ፣ እንደ አትላንቲክ፣ ፕሌቶቹ እየተራራቁ ነው። ክፍተቱን ከሥር የሚወጣ ቅልጥ አለት ይሞላዋል፤ ባሕር ውስጥ የተራራ ሰንሰለት ይሠራል። አይስላንድ የዚህ ሰንሰለት ከውኃ በላይ ብቅ ያለ ክፍል ናት። በየብስ ላይ ሲሆን መሬቱ እየሳሳ ይሰነጠቅና መሃሉ ይሰምጣል፣ ጠርዞቹ እንደ ግድግዳ ቆመው ይቀራሉ፤ ስምጥ ሸለቆ የምንለው ይህንኑ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

3. ግጭት ከሆነ የባሕሩን ዳር ይመልከቱ

ከባሕር ዳርቻው ትይዩ የተዘረጋ ጥልቅ የባሕር ውስጥ ቦይ ካለ፣ አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር እየገባ ነው። የደቡብ አሜሪካዎቹ የአንዲስ ተራሮች እንዲህ ናቸው፤ እሳተ ገሞራም ሞልቷቸዋል። እሳተ ገሞራው የመጣው የወረደው ፕሌት ቀልጦ ይመስለን ይሆናል። ዋናው ምክንያት ግን ውኃ ነው፦ ፕሌቱ ሲወርድ የሚለቀው ውኃ ከበላዩ ያለውን የጋለ አለት በቀላሉ እንዲቀልጥ ያደርገዋል።

ቦይም እሳተ ገሞራም በሌለበት ግዙፍ ሰንሰለት ካዩ ፎጣውን ያንሱ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንዱን ጫፍ በመዳፍዎ ይያዙ፣ ሌላውን ወደ መሃል ይግፉ። የተሸበሸበው ሂማሊያ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሕንድ ከእስያ ጋር ተጋጨች፤ ሁለቱም የየብስ ንጣፎች ቀላል ስለሆኑ ጠልቆ የሚወርድ አልነበረም። 8,849 ሜትር ከፍታ ባለው በኤቨረስት ጫፍ ላይ የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት የኖራ ድንጋይ የሚገኘውም በመካከላቸው የነበረው የባሕር ወለል አብሮ ተሸብሽቦ ወደ ላይ ስለተገፋ ነው።

4. ተራራም ሸለቆም ከሌለ

ፕሌቶቹ ጎን ለጎን እየተፋተጉ ይሆናል። በካሊፎርኒያው ሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ላይ የሚያልፉ ጅረቶች ድንገት ወደ ጎን ይታጠፋሉ።

5. የማይገጥመውን ለብቻው ያስቀምጡ

ሃዋይ ከየትኛውም ድንበር እጅግ ሩቅ ናት። ከጥልቅ የሚወጣ ሙቀት ባለበት ሆኖ ፕሌቱ በላዩ ሲያልፍ ደሴቶች በተራ ተሠሩ፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ በሄዱ ቁጥር ዕድሜያቸው ይጨምራል። ሩሲያ ውስጥ ያለው ኡራል ደግሞ ተራራ ሆኖ ሳለ ነጥብ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ግጭቱ ካበቃ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ከዚያ ወዲህ ዝናብና ነፋስ ሲሸረሽሩት ኖረዋል።