የሲበርግ ኤም100ሲ ጁክቦክስ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ጥገናው

በቺካጎ የነበረው የሲበርግ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ኤም100ኤ፣ 50 ሸክላዎችን በሁለቱም ገጻቸው በማጫወት ለደንበኛው መቶ ምርጫ የሰጠ የመጀመሪያው ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት የተመረጠውን ሸክላ የሚያጫውት ማሽን) ነበር። እሱ የሚያጫውተው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ ሲሆን፣ በ1950 የተከተለው ኤም100ቢ ትንሿን ባለ 45 ሸክላ ተቀበለ፤ በ1952 የወጣው ኤም100ሲም በዚሁ ቀጠለ። ከዚህ በታች የሚነበበው ስለ ኤም100ሲ ነው፤ አብዛኛው ግን ለኤም100ቢም ይሠራል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ማሽን አልሠራም ሲል ብዙ ጊዜ የተሰበረ ዕቃ አይገኝበትም። የሚገኘው የደረቀ ግራሶ፣ የቆሸሸ ኮንታክት (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የብረት መነካኪያ)፣ አንዳንዴም ከእኛ በፊት መንስኤውን ሳያጣራ ብሎን ያዞረ ሰው የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ምልክቱን በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ሸክላዎቹ መደርደሪያ ላይ እንደተሰለፉ መጻሕፍት ቆመው ይደረደራሉ፤ ከፊታቸው በሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሰረገላ አለ። ደንበኛው ፊደልና ቁጥር ሲጫን በመራጩ ክፍል ውስጥ ለዚያ ዘፈን የተመደበችው ፒን ትወጣለች፤ ሰረገላው እየተጓዘ ፒኗ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል፣ ክንዱ ሸክላውን ከመደርደሪያው ስቦ ያወጣዋል፣ መቆንጠጫው መሐሉን ይይዘዋል፣ መርፌውም ይጠጋል። ሸክላው ቆሞ ስለሚዞር፣ ከአንዱ ገጽ በኩል ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞረው ከሌላው ገጽ በኩል ሲታይ በተቃራኒው ነው፤ በመሆኑም ሁለተኛውን ገጽ ለማጫወት ሞተሩ ራሱ የመዞሪያ አቅጣጫውን መቀየር አለበት። ይህን ያልተረዳ ሰው የማሽኑን ግማሽ ችግሮች ሊረዳ አይችልም።

ብልሽት የሚመስል፣ ብልሽት ያልሆነ

«መጀመሪያ የመረጥኩትን ትቶ ኋላ የመረጥኩትን አስቀደመ» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ይበዛል። ማሽኑ ዘፈኖቹን የሚያጫውተው በተመረጡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ሰረገላው በመንገዱ ላይ በሚያገኛቸው ተራ ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ሲጓዝ የአንዱን ጎን ገጾች፣ ሲመለስ ደግሞ የሌላውን ጎን ያጫውታል። እዚህ ላይ የሚጠገን ነገር የለም፤ ለባለቤቱ ማስረዳት ብቻ ይበቃል።

ሶኬት ከመሰካቱ በፊት

ለዓመታት በመጋዘን የተቀመጠ ጁክቦክስ ሲገዛ ሻጩ «ይሠራል፣ ሞክሩት» ቢልም ቸኩሎ መሰካት አይገባም። በአምፕሊፋየሩ (ድምፅ በሚያጎላው ክፍል) ውስጥ ያሉት ቫልቮላዎች፣ ማለትም አምፖል መሳዮቹ የመስታወት ቱቦዎች፣ የሚሠሩት በብዙ መቶ ቮልት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ይህን ኃይል ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ከመነካታቸው በፊት በሬዚስተር አማካይነት ባዶ መደረግና በቴስተር መረጋገጥ አለባቸው። በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝቶ ማፈንዳት የለመደ ባለሙያ አይጠፋም፤ ያ ለካፓሲተሩም ለዓይንም ጎጂ ነው።

ከዚያ ሞተሩን በእጅ በማዞር ማሽኑ አንድ ሙሉ ዑደት መሥራት መቻሉ ይፈተሻል፦ ሸክላ ማውጣት፣ መቆንጠጥ፣ መልሶ ማስገባት። በእጅ ሲዞር የሚይዝ ማሽን በኤሌክትሪክ ሲዞር ጥርሱን ይሰብራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል ሲሰጠውም ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲደርስ በመስመሩ ላይ አንድ ባለ 100 ዋት የክር አምፖል ማስገባት ብልህነት ነው፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቆየ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ወዲያውኑ ይነቀል።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ሰረገላው ግን አይንቀሳቀስም

በዚህ ማሽን ሰረገላውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሸክላውን የሚያወጣውና የሚያዞረውም አንድ ሞተር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ካልተነሳ ሁሉም ይቆማል። ሞተሩ ድምፅ እያሰማ የማይዞር ከሆነ ሦስት ነገሮች ይጠረጠራሉ፣ በቀላሉ የሚለዩትም በእጅ ነው።

ሶኬቱ ተነቅሎ የሞተሩ ዘንግ በጣት ሲዞር ከባድ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከኩሽኔታው ወይም ከማርሾቹ ነው። በፋብሪካ የተቀባው ግራሶ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጠነክራል፤ አንዳንዴ በጥፍር እንኳ አይፋቅም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት የሚረጭ ዘይት ከላይ መንፋት ነው። ዘይቱ አሮጌውን ግራሶ ለአንድ ሳምንት ያለሰልሰዋል፣ ማሽኑም «ተሠራ» ይባላል፣ ከዚያ ሁለቱ ተዋሕደው ከበፊቱ የባሰ ይጋግራሉ፤ የተረጨው ደግሞ ወደ ኮንታክቶቹና የሞተሩን ኃይል ወደሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ይሄዳል። ትክክለኛው መንገድ ክፍሉን ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ከመፍታት በፊት ፎቶ እያነሱ፣ በማሟሚያ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘንጎቹን በአንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ የማርሽ ጥርሶቹን ደግሞ በስሱ ግራሶ መቀባት ነው። ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ሆኖም ከዚህ በኋላ ከሚመጡት ምልክቶች ብዙዎቹ ሳይነኩ ይጠፋሉ።

ዘንጉ በጣት ቀላል ሆኖ ሳለ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ወይም በጣት ሲገፋ ብቻ ከተነሳ፣ የሞተሩ ካፓሲተር ደክሟል። የሚተካው በማይክሮፋራድ መጠኑ እኩል የሆነ፣ ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክና ለሞተር ሥራ የተሠራ ካፓሲተር ነው፤ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራው የአምፕሊፋየር ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር እዚህ ቢገባ ይፈነዳል። በአንድ አቅጣጫ ተነስቶ በሌላው እምቢ የሚል ሞተር ግን ካፓሲተሩ ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል፣ አቅጣጫ የሚቀይረውን ማብሪያ ማጥፊያ መመርመር ይቀድማል። ይህ ብልሽት «የአንዱ ጎን ዘፈኖች በሙሉ አይጫወቱም» በሚል ቅሬታ ይታወቃል።

ሦስተኛው ሞተሩ የሚያርፍባቸው ጎሚኒዎች ናቸው። አርጅተው አንድም እንደ ድንጋይ ይጠጥራሉ፣ አንድም እንደ ሬንጅ ይቀልጣሉ፤ ሞተሩም ይዘቀዝቃል፣ መገጣጠሙ ይዛባል፣ ንዝረቱ በመርፌው በኩል ወደ ስፒከሩ ይገባል። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ መጠበቅ ሳያስፈልግ መቀየር ነው።

ሰረገላው ይመላለሳል፣ ሸክላ ግን አያነሳም

ሰረገላው ከዳር እስከ ዳር ያለማቋረጥ የሚጓዝ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፒኗ ወጥታለች ወይስ አልወጣችም የሚለው ነው። ቁልፉን ተጭኖ በዓይን ማየት ይቻላል። ካልወጣች ጉዳዩ ከቁልፉ ፒኗን እስከሚያንቀሳቅሰው የመራጩ ቦቢና (የሽቦ ጥቅል) ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ፊውዙ፣ የቁልፉ ኮንታክት፣ ሽቦው በየተራ ይፈተሻሉ። ሁሉም ፒኖች እምቢ ካሉ ወደ ኃይል ምንጩ፣ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ብቻ እምቢ ካለ ወደዚያው ቁልፍ መሄድ ነው። አንዲት ፒን ብቻ ከሆነች ግን በአብዛኛው በቆሻሻ ተይዛ ነው፤ በአልኮል ታጥባ ደረቅ እንደሆነች ትተዋለች። መራጩ ዘይት አይወድም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራውም ፒኖቹን መልሶ ያስራቸዋል።

ፒኗ ወጥታ ሳለ ሰረገላው ካለፋት፣ ፒኗን የሚዳስሰው ኮንታክት ቆሽሿል ወይም ሰረገላውን የሚያቆመው ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ብረት የሚስብ የሽቦ ጥቅል) ተይዟል። ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት አይጸዳም፤ ላዩ ላይ ያለው ስስ ብረት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አልኮል የነካው ወፍራም ወረቀት በኮንታክቶቹ መካከል አስገብቶ፣ በጣት በስሱ እያጣበቁ መሳብ ይበቃል፤ ወረቀቱ ጥቁር መያዙን እስኪያቆም ይደጋገማል።

ያልተመረጠ ዘፈን ይጫወታል

ይህ ምልክት ትዕግሥት የሌለውን ጠጋኝ ያሳስታል። ሁሉም ምርጫ በአንድ ሸክላ ቦታ ያህል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚስት ከሆነ የሰረገላው መቆሚያ ማስተካከያ ተንሸራቷል ማለት ነው። የሚስተው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ማስተካከያውን መንካት ክልክል ነው፤ ምክንያቱም አንዱን ለማቅናት 99ኙን ማጣመም ይሆናል። መጀመሪያ ሸክላው በቦታው መኖሩ፣ የስም ወረቀቱም ከሸክላው ጋር መመሳሰሉ ይታይ። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን መራጩን ፈትቼ ከመረመርኩ በኋላ፣ የቀድሞው ባለቤት ሁለት ሸክላዎችን አቀያይሮ እንደነበር የተረዳሁበት ቀን አለ።

ክንዱ ሸክላውን ይዞ መሐል ላይ የሚቀር ወይም መቆንጠጫው የሚስት ከሆነ፣ ሸክላው አለመጣመሙና ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር መሆኑ ይረጋገጥ። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ባለ 45 ሸክላ እዚህ ማሽን ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ይወጡ ከነበሩት የኢትዮጵያው ሙዚቃ አሳታሚ የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች በጁክቦክሱ ለመስማት የሚመኝ ባለቤትም በቅድሚያ ቀዳዳውን ይለካ፤ ጠባብ ሆኖ ካገኘው ግን እንዲያ ያለውን ሸክላ ከመብሳት ሌላ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

ሳንቲም ይበላል

የሳንቲሙ መንገድ በቡና ቤት ዘመኑ የፈሰሰበት ቢራና ለስላሳ መጠጥ ደርቆበታል። ወጥቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ምንም አይቀባ። ታጥቦም ሳንቲሙ ሂሳብ ካልያዘ፣ ሲወድቅ የሚመታት ቀጭን የማብሪያ ሽቦ ተጣማ እንደሆነ ይታይ።

ዘፈኑ አልቆ መርፌው አይነሳም

መርፌው ወደ ሸክላው መሐል ሲደርስ የመርፌው ክንድ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ይዘጋል፤ ያ ማብሪያ ሸክላው እንዲመለስ ትእዛዝ የሚሰጠው ነው። መርፌው በመጨረሻው መስመር እየዞረ ከቀረ፣ የማብሪያው ኮንታክት ከላይ በተነገረው መንገድ ይጸዳ። ካልተሻለው ክንዱ ዘንጉ ላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በጣት ሲነካ ያለ አንዳች ክብደት መወዛወዝ አለበት። ክፍተቱን ማጥበብ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበበ ማሽኑ ዘፈኑን ሳያልቅ ይቆርጠዋል።

ድምፁ

መርፌ ያዡ ሁለት መርፌዎች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ። የአንዱ ጎን ዘፈኖች ጥርት ብለው የሌላው ጎን ከሻከሩ፣ አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ነው፤ ያለቀው የዚያ ጎን መርፌ ነው። ሁለቱም ጎን ከሻከሩ ወይም ዘወትር «ሁም» የሚል ድምፅ ካለ፣ የኃይል ማጣሪያ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹና በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ይቀየሩ፤ አንድ በአንድ ከመሞከር ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ያዋጣል። ሸክላው እየዞረ ፍጹም ጸጥታ ከሆነ፣ ማሽኑ ሸክላ በሚቀይርበት ጊዜ ድምፅ የሚያፍነው ኮንታክት ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል፤ ቫልቮላ ከመግዛት በፊት እሱ ይታይ።

ዘፈኑ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል

ፍጥነቱ አንዴ ዝግ አንዴ ፈጠን የሚል ከሆነ ወደ ደረቀው ግራሶና ወደሚንሸራተተው ፍሪሲዮን መመለስ ነው። ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ፣ ሁልጊዜ በእኩል መጠን ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ማሽኑን ሳይሆን የአገሩን መብራት መጠየቅ ይገባል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ማሽን የሚጠብቀው 117 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካ ነው። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ቴል አቪቭ የተላከ ጁክቦክስ ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገጠምለታል፣ አይቃጠልምም፤ ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ሞተሩ በእነዚህ ከተሞች ባለው 50 ኸርዝ ሲሠራ 45 መዞር የነበረበት ሸክላ በደቂቃ 37.5 ይዞራል፣ ዜማውም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። በሳውዲ ዓረቢያ መብራቱ 60 ኸርዝ በመሆኑ ይህ ችግር የለም፤ እዚያ ትራንስፎርመሩ ብቻ ይበቃል። መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ግን መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራውን የማስተላለፊያ ክፍል ማግኘት፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ ለሞተሩ ብቻ 60 ኸርዝ የሚያመነጭ መቀየሪያ መግጠም ነው፤ አምፕሊፋየሩና መብራቶቹ በትራንስፎርመሩ ይቀጥላሉ።

ከጥገናው በኋላ ፍጥነቱን ለማረጋገጥ በሸክላው መለያ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ ስድሳ ሴኮንድ እየተያዘ፣ ወረቀቷ ስንት ጊዜ እንዳለፈች ይቆጠራል። መጀመሪያ በአንዱ ጎን፣ ቀጥሎ በሌላው ጎን መቆጠር አለበት፤ ሞተሩ በሁለቱም አቅጣጫ 45 ካላዞረ ሥራው ገና አላለቀም።