እናቱ አረብ አገር የሄደችበትን የልጅ ልጅ እንዴት እንይዘው

እኔ ደሴ ነኝ። ልጄ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ልጇ እኔ ጋ ነው። ስትሄድ ዓመት ከአምስት ወሩ ነበር፣ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቡና ከምንጠራራው ሴቶች ግማሾቻችን እንደዚሁ ነን፤ አንዷ ሁለት ይዛለች፣ አንዷ ሦስት። ቡና ላይ የምንመካከረውን ለምን አላስጽፈውም ብዬ ነው። እኔ እያወራሁ ትንሹ ልጄ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ፊደል ከተሳሳተ እሱን ተቆጡት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። አንቺ አያቱ ነሽ፣ እናቱ አይደለሽም። ሲሉት ቀላል ነው። ግን ልጁ ሌሊት ሲባንን የሚያገኘው አንቺን ነው፣ አፉን ሲፈታም የሚጠራው አንቺን ነው፣ "እማ" ሲልሽ ደግሞ ሆድሽ ይባባል። እኔ "እማ" ሲለኝ ዝም አልኩ። ጣፈጠኝ፣ ምን እዋሻለሁ። አንድ ቀን በኢሞ እናቱን እያየ "ይቺ ማናት?" አለ። እሷ ስልኩን ዘጋችው። ያን ቀን ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እማማ፣ እሷ ኡሚ። በየቀኑ፣ ሳይሰለቸኝ። ጫማውን ሳደርግለት "ኡሚ የላከችው ጫማ"፣ ወጥ ስሠራ "ኡሚም እንዳንተ ሽሮ ትወዳለች"። ፎቶዋን ከፍ አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር፣ አውርጄ እሱ እጁ በሚደርስበት አደረግሁት። ተጨማድዷል፣ ይጨማደድ።

ገና ልትሄድ ያለች ልጅ ካለችሽ ይሄን ስሚኝ። ልጁ ተኝቶ ሳለ ሹልክ ብላ እንዳትሄድ። ሁሉም ሰው "ሳያይሽ ውጪ፣ አለዚያ ያለቅሳል" ይላል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ጠዋት ተነስቶ አልጋ ሥር ፈለጋት፣ መጋረጃ ገለጠ፣ ሽንት ቤቱን ሳይቀር አስከፈተኝ፣ ይሄ አንድ ሳምንት ሙሉ ቆየ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ለሶላት ውዱእ ላደርግ እንኳን ስወጣ ቀሚሴን ይዞ ይጮሃል። እንቅልፍ መተኛትም ፈራ፣ ለካ ሲተኛ ሰው የሚጠፋ መስሎታል። ስለዚህ አይኑ እያየ፣ ስማው፣ ተሰናብታው ትሂድ። ያልቅስ። ለቅሶው ያልፋል፣ መታለሉ ግን አይረሳውም።

ስልኩ ላይ

ሰዓታችን ከሳውዲ ጋር አንድ ነው፣ ችግሩ እሷ ከሥራ የምታርፈው ማታ አምስት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ልጁ ያኔ ሁለተኛ እንቅልፉን ይዟል። መጀመሪያ እየቀሰቀስኩ አገናኛቸው ነበር፣ እሱ ይነጫነጫል፣ እሷ ትከፋለች፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳስተኛ አድራለሁ። ተውነው። አሁን ማታ በድምጽ መልእክት ትልክለታለች፣ ጠዋት ቁርሱን ሲበላ አሰማዋለሁ። አንዳንዴ ተረት ትልካለች፣ "ተረት ተረት" ስትል እሱ ስልኩን "የላም በረት" ብሎ ይመልስለታል። የእሱንም ድምጽ እቀዳና እልክላታለሁ። የሚዘፍነውን፣ የሚሳደበውን፣ ሁሉንም።

ቪዲዮ የምታወሩበት ቀን ሲገኝ ደግሞ "አውራ እንጂ! ሰላም በላት እንጂ!" እያልሽ አታስጨንቂው። የሦስት ዓመት ልጅ ምን ወሬ አለው? ስልኩን ከሶፋው ላይ አስደግፊና ይጫወት፣ ይብላ፣ እሷ ትየው። እኛ ቤት አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም ሳይናገር ያልፋል።

አንድ ነገር ግን በጣም ያናድደኛል። ልጁን "ኡሚ ብር ላኪ በላት" ብሎ ማስተማር። አንዳንዱ ይስቅበታል። ልጅ እናቱን ባየ ቁጥር ብር የሚጠይቅ ከሆነ እሷም ስልክ መደወል ትፈራለች። ብር የምትፈልጊ ከሆነ ራስሽ ጠይቂ። ደግሞ የላከችውን፣ ለልጁ ያወጣሽውን፣ ደብተር ላይ ጻፊ ወይ አስጽፊ። የወተት፣ የትምህርት ቤት፣ የህክምና። አትመንሽም ብዬ አይደለም፣ ወንድም እህት ሲበዛ ወሬ ይበዛል።

ካርቱኑን በተመለከተ፣ እኔም ወጥ እስክሠራ ስልክ ሰጥቼው አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ጭራሽ ባይሰጠው ይመረጣል። ሰዓት እያየሁ እወስድበታለሁ። ይጮሃል። ሽንብራ ልቀም ብዬ ሰፌድ እሰጠዋለሁ፣ መሬት ይበትነዋል፣ እንለቅማለን፣ ጊዜው ይሄዳል። ቆሎ ወይ ሽንብራ አጠገቡ ካለ ግን ዓይንሽን አትንቀይ፣ ወዲያው ነው አፉ ወይ አፍንጫው ውስጥ የሚከተው። ጥሬውም ቆሎውም ለትንሽ ልጅ ያንቃል።

ጎረቤት ሲነካካው

"እናትህ የታለች? ጥላህ ሄደች አይደል?" የሚሉ አሉ። በክፋት አይደለም፣ እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት፣ ልጁ ሲከፋው "ውይ ሲያምር" ይላሉ። እኔ ወዲያው እዚያው እሱ እየሰማ እመልሳለሁ፦ "ኡሚ ሥራ ላይ ናት፣ ትወደዋለች፣ ትመጣለች።" ሦስት ነገር፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። አሁን እሱ ራሱ ነው የሚመልስላቸው። መቼ ትመጣለች ብሎ ሲጠይቅሽ "ነገ" አትበይው። እኔ ከረመዳን በኋላ፣ ከክረምት በኋላ እያልኩ ነው የማስረዳው፣ ጎረቤቴ ደግሞ ክርስቲያን ናትና ለራሷ የልጅ ልጅ በገና በጥምቀት ትቆጥርላታለች። የእኔውም የሁለቱንም በዓል ስለሚበላ ሁለቱንም ያውቃል። ቀኑ ካልታወቀ "እኔም አላውቀውም፣ ስታውቅ ትነግረናለች" በይው። ልጅ ይሄን ይቀበላል።

ማስፈራራቱንም ተይው። "ጅቡ መጣ" ያልነው ልጅ ማታ ሽንት ቤት መሄድ ይፈራል፣ አልጋው ይረጥባል፣ አጣቢዋ አንቺ ነሽ። "ሐኪሙ ይወጋሃል" ያልነው ደግሞ ጤና ጣቢያ በር ላይ መሬት ይተኛል። እኛን በርበሬ እያጠኑ አሳድገውናል፣ አዎ። እኔ ዛሬም የተጠበሰ በርበሬ ሲሸተኝ እደነግጣለሁ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ሁላችንም አሳድገናል። ምጥኑን ራሴ ነኝ የማዘጋጀው፦ ገብስና ስንዴ፣ ትንሽ ጤፍ፣ ከሽንብራ ጋር ቆልቼ አስፈጫለሁ፣ ሦስት እጅ እህል ከሆነ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገንፎው ላይ እንቁላል መምታት፣ ጎመን አድቅቆ መጨመር። ሻይ ከምግብ ጋር አትስጪው፣ ከምግቡ የሚያገኘውን አይረን ይቀንስበታል። ዓመት ላልሞላው ማር አታቅምሺው፣ መድኃኒት ነው ቢሉሽም። የአረብ አገር ብር ስላለ ብቻ በየቀኑ ቺፕስና ከረሜላ መግዛት ደግሞ ለልጁ ማዘን አይደለም፣ ጥርሱ ሲያመው አብረሽው የምታድሪው አንቺው ነሽ።

ቤት ውስጥ ያለውን አደጋ ግን ቁጭ ብዬ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እኔ ቤት ደርሶብኛል። በረካው ላይ ነበርን፣ ወሬው ሞቋል፣ ጀበናውን ወለሉ ላይ በማቶቱ አስቀምጬ ዞር አልኩ። የረከቦቱን ጨርቅ ሳበው። ክንዱ ላይ ፈሰሰ። አንዷ ቅቤ አለች፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ የቡና አተላ። እግዜር ይስጣት ነርስ የሆነች የጎረቤት ልጅ ሮጣ መጥታ ክንዱን ቧንቧ ሥር ያዘችው፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። በረዶ አይደለም፣ ተራ ቀዝቃዛ ውሃ። ምንም አልተቀባም፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወሰድነው። ጠባሳው ትንሽ ነው። እናቱ ጋ ደውዬ እስክነግራት ድረስ ሁለት ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መንገሩ ግን ግድ ነው፤ ከሌላ ሰው ከሰማች በኋላ የምትይውን ሁሉ አታምንሽም። አሁን ቡናውን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው የማፈላው፣ ወግ አይደለም ይላሉ፣ ይበሉ።

ክረምት ደግሞ ደሴ ታውቂዋለሽ፣ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ሲወርድ አጥንት ይገባል፣ ሰው ፍሙን ቤት ያስገባል። ተኝታችሁ ከሰል ቤት ውስጥ አይደር። ጭስ ባይታይ፣ ሽታ ባይኖረው ይገድላል። ከመተኛትሽ በፊት አውጪው፣ ልጁን ልብስ ደርቢለት። ገላውንም በቀትር ፀሐይ ላይ እጠቢው እንጂ ማታ አታርጊው። የግፊት ኪኒንሽንም ከትራስሽ ሥር አንሺ፣ ልጅ ከረሜላ ነው የሚመስለው። በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ አታስቀምጪ። ከጠጣ ለማስታወክ ጣት አትክተቺበት፣ ወተትም ዘይትም አትጋቺው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ሩጪ።

ሲታመም

ተቅማጥ ከጀመረው ኦአርኤሱን አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪ፣ ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ እያሉ መገመት አይሆንም። ካደረ ድፊው። ዚንክ ከሰጡሽ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀኑን ጨርሺ። መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ጎረቤት አታማክሪ፣ ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስነቀል የሚባለውን ደግሞ ተይ። በድሮ ጊዜ እኛም አስደርገናል። ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ የሚያድነው የለም።

የክትባት ካርዱን ከእናቱ ተቀበይ። 6፣ 10 እና 14 ሳምንቱን ሰው አይረሳም፣ የ9 ወሯን ኩፍኝም አይረሳም፤ የምትረሳው የ15 ወሯ ሁለተኛ ኩፍኝ ናት፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እናቶች የሚሄዱት በዚያ ሰሞን ነው። የእኔም አልፋው ነበር፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ናት ካርዱን አይታ የያዘችን።

ወረቀትም አለ። የልደት ምስክር ወረቀት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው፣ ካለፈም ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ግን እናቱ እያለች ይለቅ። ውክልናም ሳትሄድ ትስጥሽ። ከሄደች በኋላ ሪያድ ካለው ኤምባሲ ወይ ጅዳ ካለው ቆንስላ ማስጨረስ አለባት፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ ለዚያ ፈቃድ ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔ ውክልና ሳልይዝ ቀርቼ ሙአለ ህጻናት ላስመዘግበው ስሄድ ሦስት ቀን አመላልሰውኛል።

ስለ አንቺም ልበል። ወገብሽ የሃያ ዓመት ወገብ አይደለም። ልታዝዪው ስትፈልጊ ከመሬት አታንሺው፣ አልጋ ወይ ወንበር ላይ አቁሚው፣ ጀርባሽን ስጪውና በነጠላ እሰሪው። የቅሬ (የእድራችን) ቀን፣ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ የሚይዝልሽ አንድ ሰው ቀድመሽ አዘጋጂ፣ እኔና ጎረቤቴ ተራ አለን፣ እሷ ስትሄድ የእሷን እኔ፣ እኔ ስሄድ የእኔን እሷ። ደክሞኛል ማለትም ነውር አይደለም። አብሽሪ፣ ማንም አይሞትም አንድ ቀን ምሳ ዳቦ በሻይ ቢሆን። (ከላይ ሻይ አትስጪው ብዬ ነበር። ለእሱ ወተት ይሁን።)

ስትመጣ

አምና ለሁለት ወር መጣች። እኔ የጠበቅሁት ሮጦ እንዲያቅፋት ነው። ቀሚሴ ውስጥ ገባ። ያመጣችለትን መኪና ተቀበለ፣ እሷን ግን እጇን አልነካም። ሰዉ ሁሉ "ሂድ እንጂ እናትህ ናት!" እያለ ይገፋዋል። እንዳይገፉት። የመጀመሪያውን ዘጠኝ ሌሊት እኔ ጋ ነው የተኛው፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። አሥረኛው ቀን ላይ ገላውን አንቺ እጠቢው ብዬ ሳሙናውን ሰጠኋትና ጎረቤት ቡና ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ነው የቆየሁት። በማግስቱ አንድ ሰዓት። ምሳ እሷ ታጉርሰው ጀመር፣ እኔ ወጥ ቤት ቀረሁ። ከሁሉ የከበደኝ ወድቆ ሲያለቅስ ቀድሞ አለመነሳት ነው። እየሮጠ ወደ እኔ ሲመጣ ሰፌዱን ይዤ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፣ እሷ መንገድ ላይ ያዘችው። ትንሽ ታገላት፣ ከዚያ ተወ።

ስትመለስ ግን እንደ በፊቱ አላደረግንም። በቀን፣ ነቅቶ፣ ሦስት ቀን ቀደም ብላ እየነገረችው። ሻንጣ ስታሸክፍ ጎኗ ተቀምጦ ካልሲ ያቀብላት ነበር። መኪናው በር ድረስ የመንገድ ዳቦዋን በፌስታል ይዞ ሄደ፣ አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች፣ መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ እጁን አውለበለበ። ከዚያ ቤት ገባን፣ አልጋ ሥር አላየም፣ መጋረጃም አልገለጠም። ራበኝ አለኝ።