ፈንግልን በገዛ እጃችን የምናስገባባቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ያለው ጓሮዬ ውስጥ አሥራ አራት ዶሮዎች ነበሩኝ። ፈንግል የተባለው በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ በሽታ ገብቶ በአንድ ሳምንት ሦስት ብቻ ቀሩ። እናንተ እንዳትሳሳቱ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።

አዲስ ዶሮ ወዲያው መቀላቀል። ለበዓል የገዛኋት ቄብ ደህና ነበረች፤ ትጭራለች፣ ትበላለች። ቫይረሱ ግን ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል። አዲስ የመጣች ዶሮ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትቀመጥ።

ከታመሙ በኋላ ለክትባት መሮጥ። ክትባት መድኃኒት አይደለም። የዶሮዋ ሰውነት ቫይረሱን ለይቶ ፀረ እንግዳ አካላት እስኪያመርት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንገቷ ተጠማዞ፣ ኩሷ አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁ ቫይረሱ ቀድሟችኋል። አንቲባዮቲክም ቫይረስ አይገድልም። እኔ ቴትራሳይክሊን ስበጠብጥ ሁለት ቀን አለፈኝ።

ክትባቱን በቧንቧ ውሃ መበጥበጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በውሃ የሚሰጠው ላሶታ የተባለው የፈንግል ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። የቧንቧ ውሃችን ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። ዶሮዎቹ ጠጡ ብለን እፎይ እንላለን፤ የጠጡት ግን ጥቅም የሌለው ውሃ ነው። አሁን መጀመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት እበጠብጣለሁ፤ ወተቱ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ትንሽ ቆይቼ ክትባቱን እጨምራለሁ። ጠዋት መጠጫቸውን አንስቼ ስለማስጠማቸው ተሻምተው ይጠጡታል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ብልቃጡንም ከበረዶ ጋር እንጂ በኪስ ይዛችሁ ታክሲ አትሳፈሩ።

ጉምቦሮን መርሳት። ጉምቦሮ ሌላ የዶሮ በሽታ ነው፤ ቫይረሱ ቡርሳ የምትባለውን፣ ፊንጢጣ አጠገብ ያለች ትንሽ ከረጢት ያጠቃል። ፀረ እንግዳ አካላት የሚያመርቱት ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። ጫጩት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተመታ፣ ቢተርፍ እንኳ በኋላ የምትሰጡት የፈንግል ክትባት በደንብ ላይዝለት ይችላል።

አንዴ ከትቦ መተው። ጫጩት ከእናቱ መከላከያ በአስኳል በኩል ይዞ ይፈለፈላል። ያ መከላከያ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ እስኪያልቅ ድረስ ግን የመጀመሪያውን ክትባት ያዳክመዋል። ድጋሚው የግድ ነው።

የሞተውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል። ውሻ ጎትቶ ጎረቤት ጓሮ ያደርሰዋል። ጠልቆ ይቀበር።