የሰርኪዩት ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ከረንት በሽቦው የሚያልፈው ፍሰት (በአምፔር)፣ ቮልቴጅ ፍሰቱን የሚገፋው ግፊት (በቮልት)፣ ሬዚስታንስ ደግሞ ፍሰቱን የሚገታው (በኦም) ነው፤ ሬዚስተር የምንለው ይህን እገታ የሚሰጠውን ዕቃ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ያሳተመውን ይህን ሕግ ጎንደር ውስጥ በቃሉ የማይወጣው የፊዚክስ ተማሪ የለም። ነጥብ የሚያስጥለው ቀመሩን መርሳት ሳይሆን የአንዱን ሬዚስተር ቮልቴጅ ከሌላው ሬዚስታንስ ጋር ማጋባት ነው። ቀመሩ ውስጥ የሚገቡት ሦስት ቁጥሮች የግድ የአንድ ዕቃ መሆን አለባቸው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

የባትሪውን ቮልቴጅ ለሁሉም ማደል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነውና ረጋ ብለን እንየው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ እንበል። 4 ኦም ሬዚስተር በሲሪየስ፣ ማለትም ሙሉው ከረንት በሚያልፍበት በአንዱ መስመር ላይ፣ ገብቷል፤ ከእሱ ቀጥሎ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ 6 ኦምና 3 ኦም በፓራለል ተያይዘዋል። በ6 ኦሙ ስንት ከረንት ያልፋል? ብዙዎች 12ን ለ6 አካፍለው 2 አምፔር ይላሉ፤ ለ3 ኦሙም 12ን ለ3 አካፍለው 4 አምፔር ይጽፋሉ። እንግዲያው 6 አምፔር በ4 ኦሙ በኩል አልፎ መጥቷል ማለት ነው። ይህ እንዲሆን 4 ኦሙ ብቻውን 24 ቮልት ይፈልጋል፤ ባትሪው ደግሞ ያለው 12 ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከፓራለሉ ይጀምራል። 6 እና 3 ኦም በፓራለል 2 ኦም ይሆናሉ። 4 ሲጨመርበት ጠቅላላው 6 ኦም ነው። 12 ቮልት ለ6 ኦም ሲካፈል ጠቅላላ ከረንቱ 2 አምፔር ይሆናል። ይህ 2 አምፔር በ4 ኦሙ ሲያልፍ 8 ቮልት ይወስዳል፤ ለፓራለሉ የሚተርፈው 4 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በ6 ኦሙ 0.67፣ በ3 ኦሙ 1.33 አምፔር ያልፋል፤ ድምሩም ተመልሶ 2 አምፔር ይመጣል።

ለእያንዳንዱ ሬዚስተር አንድ ረድፍ፣ ለቮልቴጅ፣ ለከረንትና ለሬዚስታንስ ደግሞ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ሥሩ። ሁለት ሳጥኑ የተሞላ ረድፍ ሦስተኛውን ራሱ ይሰጣችኋል። ቁጥርን ከረድፍ ወደ ረድፍ ማሻገር የሚቻለው ሁለቱ ሬዚስተሮች ሲሪየስ ከሆኑ ከረንቱን፣ ፓራለል ከሆኑ ቮልቴጁን ነው። ሰንጠረዡን መሥራት ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ እኛ ግን ፈተና ላይም ቢሆን እንዳይዘለል አጥብቀን እንመክራለን።

ፓራለል ላይ መገልበጥን መርሳት

ከላይ ያየናቸውን 6 እና 3 ኦም በፓራለል ለማስላት እያንዳንዳቸውን ገልብጠን እንደምራለን፤ የአንድ ስድስተኛና የአንድ ሦስተኛ ድምር ግማሽ ነው። እዚህ ላይ ቆሞ «0.5 ኦም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ሲገለበጥ መልሱ 2 ኦም ነው። «ብዜቱ ለድምሩ» የሚለው አቋራጭም የሚሠራው ለሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው። ለ6፣ ለ3 እና ለ2 ኦም ከተጠቀማችሁበት 36 ለ11 ተካፍሎ 3.27 ይመጣል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 1 ኦም ነው። የፓራለል ድምር ምንጊዜም ከትንሹ ሬዚስተር ያንሳል፤ 3.27 ከ2 መብለጡ ብቻ ስህተቱን ያጋልጣል።

ከረንት መንገድ ላይ ያልቃል ብሎ ማሰብ

ለጥምቀት የሚንጠለጠሉትን ባለቀለም ትንንሽ አምፖሎች አስቡ። 20 ተመሳሳይ አምፖሎች በሲሪየስ ተያይዘው 220 ቮልት ላይ ቢሰኩ፣ በመጀመሪያውም በሃያኛውም የሚያልፈው ከረንት እኩል ነው። የሚከፋፈሉት ቮልቴጁን ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 11 ቮልት ይደርሳል። የአንዱ ክር ቢበጠስ መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። አንዱ ውስጡ ሾርት ቢያደርግ፣ ማለትም ከረንቱ ያለ ሬዚስታንስ ቢያልፍበት፣ ደግሞ የቀሩት 19ኙ ወደ 11.6 ቮልት ገደማ ከፍ ይላሉ፤ ድምቀታቸው ይጨምራል፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል።

ኪሎ እና ሚሊን መዘንጋት

9 ቮልት ለ4.7 ኪሎ ኦም ሲካፈል 1.91 ሚሊ አምፔር ነው እንጂ 1.91 አምፔር አይደለም። ቮልት ለኪሎ ኦም ሲካፈል ውጤቱ በቀጥታ ሚሊ አምፔር መሆኑን ያዙ።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ሁልጊዜ እውነት ማድረግ

የእንጀራ ምጣድ ላይ «220 ቮልት፣ 3500 ዋት» ተጽፏል። ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ከረንቱ ስንት ይሆናል? ብዙዎች 3500ን ለ180 አካፍለው 19.4 አምፔር፣ ማለትም ከረንቱ ጨመረ ይላሉ። ምጣዱ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ግን ዋቱን ጠብቆ አይቆይም፤ ሳይለወጥ የሚቆየው በግርድፉ ሬዚስታንሱ ነው። እሱም 220 በራሱ ተባዝቶ ለ3500 ሲካፈል 13.8 ኦም ነው። በ180 ቮልት የሚያልፈው 13 አምፔር፣ ኃይሉም 2340 ዋት ገደማ ነው። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ኃይሉ በሲሶ ወረደ፤ ምጣዱ አልግል ብሎ እንጀራው ዓይን የማያወጣው ለዚህ ነው።

ሬዚስታንሱ አይለወጥም የሚለው ግምት ለክር አምፖል እንደማይሠራም አትርሱ። 220 ቮልት፣ 100 ዋት የሆነ አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሲለካ ግን የዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። አምፖሉም ተበላሽቶ አይደለም፣ ሒሳባችሁም አልተሳሳተም።

በሥዕሉ ቅርጽ መታለል

ጎን ለጎን የተሳለ ሁሉ ፓራለል አይደለም። ከአንድ ሽቦ ጋር የተያያዙ ነጥቦችን በሙሉ በአንድ ፊደል ሰይሙ፤ ሬዚስተር ሲያጋጥም ፊደሉን ቀይሩ። ሁለት ሬዚስተሮች በሁለቱም ጫፋቸው ተመሳሳይ ፊደል ካላቸው ፓራለል ናቸው። ሁለቱ ብቻ የሚጋሩት፣ ሌላ ምንም ያልተያያዘበት ነጥብ ካለ ሲሪየስ ናቸው።

መልቲሜትርን ያለቦታው መሰካት

ቮልቴጅ በዕቃው ሁለት ጫፍ ይለካል፤ ከረንት ሲለካ ግን መስመሩ ተቆርጦ መልቲሜትሩ መሐል ይገባል። ኦም ለመለካት ኃይሉ ይጠፋል፣ የሬዚስተሩም አንድ እግር ይነቀላል፤ አለበለዚያ የምታነቡት ከጎረቤቶቹ ጋር ተደምሮ ነው። ከረንት ላይ የተስተካከለ መልቲሜትር በባትሪ ሁለት ጫፍ ላይ ከተደገነ፣ የራሱ ሬዚስታንስ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚሊ አምፔሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል። ርካሾቹ ላይ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ፊውዝ ስለሌለው የሚቃጠለው መሣሪያው ራሱ ነው። ፊውዙ የተቃጠለበት መልቲሜትር ቮልት በትክክል ያነባል፣ ከረንት ላይ ግን ዜሮ ያሳያል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዜሮ ስታገኙ «ከረንት የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን ፈታችሁ ፊውዙን አውጥታችሁ በሌላ መልቲሜትር ኦሙን ለኩ፤ ደህና ከሆነ ወደ ዜሮ የቀረበ ኦም ያሳያል።