የደክት ኤሲ ፋን ፍጥነት አስተካከል፣ ለሸዋ ሮቢትም ለደብረ ብርሃንም

ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ደክት ኤሲ፣ ማለትም አየሩን ኮርኒስ ውስጥ ባለ ቱቦ የሚያከፋፍል ኤሲ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚለው «ፋኑን ጨምርልኝ» ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የፋኑ አይደለም። ፊልተሩን አውጡትና በብርሃን እዩት። አቧራ ከደፈነው እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ መልሱት። ኮርኒሱ ላይ ያሉት ማስወጫዎችም ክፍት መሆናቸውን እዩ፣ አንዱን ሰው ዘግቶት ይሆናል። እነዚህን ሳያዩ ፍጥነት መቀየር በሽታውን መሸፈን ነው።

ሪሞቱ ላይ ያለው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የየቀኑ ነው፣ እሱን እንደፈለጋችሁ ቀያይሩት። እኔ የማወራው ማሽኑ ውስጥ ስላለው የፍጥነት ማስተካከያ ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ኤሲውን ማቀዝቀዣ ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይሥራ። ከዚያ አየር በሚስብበት በኩል አንድ ቴርሞሜትር፣ በሚያወጣበት በኩል ሌላ አስቀምጡ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ አየሩ ዘገምተኛ ነው፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅልል፣ ኮይሉም፣ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ካነሰ ደግሞ ወይ አየሩ ፈጥኗል ወይ የማቀዝቀዣው ጋዝ ጎድሏል፣ ስለዚህ ጋዙ ሳይታይ ፋን አትቀንሱ።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከፍታውን ነው። የተለመደው ስሌት ለ12,000 ቢቲዩ (የኤሲ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) በሰዓት 680 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይላል፣ ይህ ግን የባሕር ጠለል ስሌት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ያንኑ መጠን አየር ይገፋል፣ አየሩ ግን ቀላል ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጉድለቱ ግማሽ ያህል ነው። እናም ጣርማበርን ወርዶ ቆላ ላይ ልክ የነበረ እርከን ደብረ ብርሃን ላይ ሊያንስ ይችላል። ቴርሞሜትሩ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። ብሬከሩን አጥፉና መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው የሞተሩ ክፍል) ብሬከር ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ፣ ማራገፍ የማትችሉ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙና ባለሙያ ጥሩ። የቆየ ሞተር ከሆነ ብዙ ሽቦ ይወጣለታል፣ እያንዳንዱ አንድ ፍጥነት ነው። በብዙ ማሽኖች ጥቁሩ ፈጣን፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቀዩ ዝግተኛ ነው፣ ግን ቀለም አትመኑ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል እዩ። ሳትነቅሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አንዱን ሽቦ ብቻ ቀይሩ፣ በአንድ ጊዜም አንድ እርከን ብቻ። ሁለት የፍጥነት ሽቦ አንድ ላይ ከታሰረ ሞተሩ ይቃጠላል፣ አንድ አዳራሽ ላይ እንዲህ ተደርጎ የተቃጠለ ሞተር በእጄ አውርጃለሁ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ። የማትጠቀሙባቸውን ሽቦዎች ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ።

አዳዲሶቹ ላይ ሽቦ አይነካም። ግድግዳው ላይ ባለው ኮንትሮለር ወይም ቦርዱ ላይ ባሉት ትንንሽ ማብሪያዎች የደክቱ ግፊት በፓስካል ይመረጣል። ደክቱ ረጅምና ጠምዛዛ ከሆነ ከፍ ያለውን፣ አጭር ከሆነ ዝቅ ያለውን። ቁጥሩን ከማሽኑ መመሪያ ላይ ውሰዱ፣ በግምት አይሆንም።

በቺንጋ የሚሠራ ትልቅ ማሽን ከሆነ የሞተሩን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) ሁለት ጎኖች ስታቀራርቡ ፋኑ ይፈጥናል፣ ስታራርቁ ይዘገያል። ቺንጋውን እንደገና መወጠር አትርሱ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ሞተሩ የሚፈልገው ኃይል 33 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ አስነስታችሁ፣ ሽቦውን ከውጭ አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር አምፔሩን ለኩ። ሞተሩ ላይ ከተጻፈው ካለፈ መልሱት። የሳሳ አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዘውም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለዚህ የበለጠ እጠነቀቃለሁ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ኤሲ ለማሞቂያ የምትጠቀሙ ከሆነና አየሩ ሰውነት ላይ ከቀዘቀዘባችሁ፣ በሪሞቱ አንድ እርከን መቀነስ ይበቃል፣ ውስጡን አትንኩ።

ስትጨርሱ ሙቀቱን እንደገና ለኩ። የመረጣችሁትን ሽቦ፣ አምፔሩንና ቀኑን ክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፉበት፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር።